ድንጋዩን ማን ያንሳለት

መጋቢት 14 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ መካነ ሰላም

ነገ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። እዚሁ ኮሌጅ አብሮኝ የሚማረው፣ የደፈረኝ ልጅ፣ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ እግሬ ስር ይወድቃል አሉ። ድንጋዩን በእጄ ካነሳሁለት ታረቅን ማለት ነው። መምህሬ ይሄን ሰምታ ቤት ድረስ መጣችና «አፍሽን ሊያዘጉሽ ነው፤ ተነሽ ፖሊስ ጋ እንሂድ» አለችኝ። አክስቴ ደግሞ «ወላሂ አንቺ ነገ ተዛውረሽ ደሴ ትገቢያለሽ፣ እሷ እዚሁ ነች! ያደረጋትን ለችሎት ሙሉ ሰው ልታወራ ነው?» ብላ ጮኸችባት። ሁለቱም ለኔ ብለው ነው የተጣሉት፣ ሁለቱም ልክ መሰሉኝ። እኔን ግን ምን ትፈልጊያለሽ ያለኝ የለም። ድንጋዩን ለማንሳት እኮ አንገቱን ልነካ ነው። ባላነሳለትስ? እሱ እንደተንበረከከ ይቆያል፣ ሰውም ለሱ ያለቅሳል።