የተሰረጎደ ሲያቀኑ የኖሩት ባትላሜራ፣ አቶ ባምላኩ ቸኮለ (ከ1957 እስከ 2017 ዓ.ም)

አቶ ባምላኩ ቸኮለ ከአባታቸው ከአቶ ቸኮለ ወንዳወቅ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ እንቁ አንዷለም፣ በምዕራብ ጎጃም፣ ከጅጋ ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ በምትገኘው በምንጭ ዳር ማርያም አጥቢያ ታኅሣሥ 3 ቀን 1957 ዓ.ም ተወለዱ። ዕለቱ በዓታ ስለነበረ አዋላጇ ከዝክር ቤት ተጠርተው እያጉረመረሙ እንደመጡ እናታቸው ይናገሩ ነበር። አቶ ባምላኩም ይህን ሲሰሙ «ሥራ በማይሠራበት ቀን ተወልጄ ዕድሜ ልኬን ሥራ ሲያሳድደኝ ኖረ» ይሉ ነበር። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ታናሽ ወንድማቸው እንዳለው ቸኮለ ነው። ራሱም በታሪኩ ውስጥ ስለሚገባ፣ ጥፋቱ በሚነገርበት ቦታ ለቀስተኛው እንዲታገሠው ከወዲሁ ይለምናል።

አቶ ባምላኩ ፊደልና ዳዊት ከአጥቢያው ካህን ዘንድ ተምረው በ1965 ዓ.ም ጅጋ ትምህርት ቤት ገቡ፤ እስከ ስምንተኛ ክፍልም ተማሩ። በትምህርታቸው ከፊተኞቹም ከኋለኞቹም አልነበሩም። ነገር ግን ጣሳው የተሰረጎደበት፣ የምሳ ዕቃው የተጨፈለቀበት ልጅ ሁሉ ወደ እርሳቸው ይመጣ ነበር። እርሳቸውም በድንጋይና በእንጨት ቁራጭ መታ መታ አድርገው አቅንተው ይመልሱለት ነበር።

በ1973 ዓ.ም ከአባታቸው ጋር በርበሬ ሊሸጡ ቡሬ ሄዱ። አባት በርበሬውን ሲያስመዝኑ ልጅ ጠፉ። ሲፈለጉ ሲፈለጉ የጭነት መኪና በር ከሚቀጠቀጥበት አንድ ግቢ ደጃፍ አፋቸውን ከፍተው ቆመው ተገኙ። የግቢው ጌታ አቶ ይታገሱ የሚባሉ ባትላሜራ ነበሩ፤ የአዊ ተወላጅ፣ በአማርኛ የሚቆጡ፣ በአገውኛ የሚያመሰግኑ ሰው። አቶ ባምላኩ በዓመቱ ተመልሰው ከእኒህ ሰው እጅ ገቡ። የተጎዳ ላሜራ ማቅናትንም ሰባት ዓመት ሙሉ ተማሩ።

ነገሩ ግን በአገር ቤት በደግ አልታየም። የእኛ አገር ገበሬ ማረሻውን የሚሠራለትን ሰው «ቀጥቃጭ» ብሎ ይንቃል፤ በዚያው ማረሻ ደግሞ አርሶ ይበላል። ነውሩ የእኛ ነው፤ ዛሬም ጨርሶ አልለቀቀንም። አቶ ቸኮለ ለልጃቸው ጥማድ በሬ አዘጋጅተው በ1976 ዓ.ም ሊወስዷቸው ቡሬ ሲመጡ፣ ልጃቸው ጥቀርሻ ለብሰው የላንድሮቨር ጭቃ መከላከያ ፓራፋንጎ ሲመቱ ደረሱ። ወደ ግቢው እንኳ ሳይገቡ፣ ሰው እየሰማ፣ «እኔ አራሽ ወለድሁ እንጂ ቀጥቃጭ አልወለድሁም። እንግዲህ ስትሞትም ከአባቶቼ አጥንት አጠገብ አትጋደም!» ብለው ወደመጡበት ተመለሱ።

አቶ ቸኮለ ክፉ ሰው አልነበሩም። ከአፋቸው የወጣ ቃል ግን ተመልሶ አይገባም ነበር። በበዓል ከልጃቸው ጋር ይጠያየቃሉ፣ ከአንድ ማዕድ ይቆርሳሉ፤ ብረት ከሚቀጠቀጥበት ደጅ ግን እግራቸውን አያደርሱም። ልጅዎ ምን ይሠራል ብሎ የሚጠይቃቸው ሰው ቢኖር «ንግድ ላይ ነው» ይሉ ነበር።

አቶ ባምላኩ በነገር ሁሉ የሚስቁ ሰው ነበሩ፤ የዚህ ቃል ነገር ሲነሣ ግን ሳቃቸው ይቋረጥ ነበር። ለቀብር ወደ ምንጭ ዳር በመጡ ቁጥር አያቶቻችን ካረፉበት ከጽድ ዛፉ ሥር ትንሽ ቆም ብለው፣ መሬቱን አይተው ይሄዱ ነበር። ለባለቤታቸውም «ሰው ለሔክታር ይካሰሳል፤ እኔን ያማረችኝ ሦስት ክንድ መሬት ናት» ብለዋቸው ያውቃሉ።

በ1983 ዓ.ም ፍኖተ ሰላም፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ የራሳቸውን ግቢ ከፈቱ። በ1985 ዓ.ም ከወይዘሮ እናኑ ሰይፈ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ፈጽመው መሰረትን፣ አንዷለምንና ህይወትን ወለዱ። መጀመሪያ የመኪና አካል ያቀኑ ነበር። በአገሩ ሞተር ሳይክል እየበዛ፣ የሚወድቀውም እየበዛ ሲመጣ ግን ስማቸው በሞተር ታንከር ወጣ። ከቡሬም፣ ከፈረስ ቤትም፣ ከዱርቤቴም ሳይቀር የተሰረጎደ ታንከር በማዳበሪያ ጆንያ ተጠቅልሎ ይመጣላቸው ነበር። በመጀመሪያ ቤንዚኑን ያንጠፈጥፋሉ፤ በሳሙና ውሃ ደጋግመው ያጥባሉ፤ አፉን ከፍተው ፀሐይ ላይ ያውሉታል። እስኪደርቅ ድረስ በዚያ ግቢ ክብሪት የጫረ ሰው ወዮለት። ከዚያም በታንከሩ አፍ ቆልማማ ብረት አስገብተው ስርጉዱን ከውስጥ እየገፉ ያወጡታል።

ብረቱ ለማይደርስበት ስርጉድ ደግሞ መራራው ጥራጥሬ፣ ግብጦ ነበራቸው። የዚህ ብልሃት እናቱ ወይዘሮ እናኑ ናቸው። አንድ ጊዜ ወይዘሮ እናኑ ግብጦ ነክረው፣ የማሰሮውን አፍ ጥብቅ አድርገው አስረው ለቅሶ ሄዱ። ሲመለሱ ግብጦው አብጦ ማሰሮውን ለሁለት ከፍሎት አገኙ። እርሳቸው ለማሰሮው ሲያዝኑ ባለቤታቸው ግን እፍኝ ግብጦ ይዘው «ይህን ሁሉ ጉልበት የት ደብቀኸው ኖርህ?» እያሉ ይጠይቁት ጀመር። ከዚያ ወዲያ ደረቅ ግብጦ በታንከሩ ሞልተው፣ ውሃ ጨምረው፣ ክዳኑን በብረት ጠፍር አስረው ያሳድሩታል። ግብጦው ሲያብጥ ስርጉዱን ቀስ እያለ ይገፋዋል። በማግስቱ ማለዳ ግን ሳይውል ሳያድር መፍታት ያስፈልጋል፤ ግብጦ አንዴ ከጀመረ በቃኝ አያውቅም።

አሁን ወደ እንዳለው ጥፋት ደረስን። በ2003 ዓ.ም እንዳለው የግብርና ባለሙያ ሆኖ አዲስ የመንግሥት ሞተር ሳይክል ከተረከበ ሁለት ወሩ ነበር። ሚያዝያ 28 ቀን፣ ዓርብ ዕለት፣ አባቱን ዓይናቸውን ሊያሳይ ከኋላው አፈናጥጦ ወደ ፍኖተ ሰላም ጉዞ ጀመረ። ጅጋን እንዳለፉ አንድ ውሻ እየጮኸ ከጎናቸው ይሮጥ ጀመር። አቶ ቸኮለ በሰባ ስምንት ዓመታቸው ውሻ የሚፈሩ ሰው አልነበሩም። የወይራ ዱላቸውን በልጃቸው ትከሻ ላይ አሳልፈው ሰነዘሩ። ውሻው አጎነበሰ፤ ታንከሩ አላጎነበሰም።

ወርደው ሲያዩት ቡጢ የሚያስቀምጥ ስርጉድ ሆኗል። የመንግሥት ንብረት ነውና ኮሚቴው፣ ቃለ ጉባኤው፣ «በማን እጅ ሳለ ተጎዳ?» የሚለው ጥያቄ ሁሉ በእንዳለው ዓይን ላይ ዞረ። አቶ ቸኮለ ዱላቸውን በብብታቸው ሸጉጠው «በል፣ ከባምላኩ ንግድ ቤት ውሰደኝ» አሉ።

ከግቢው በር ሲደርሱ አቶ ቸኮለ ቆሙ። ቡሬ ላይ ያን ቃል ከተናገሩ ሃያ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋልና መግባቱ ቀላል አልነበረም። አቶ ባምላኩ መዶሻቸውን ጥለው ሮጠው የአባታቸውን ጉልበት ሳሙ። አባት ታንከሩን በዱላቸው እያመለከቱ «ይህን ውሻ ነክሶት ነው» አሉ። አቶ ባምላኩ ስርጉዱን በአውራ ጣታቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ ፈገግ እንኳ ሳይሉ፣ «ባለ አንድ ጥርስ ውሻ ነው፣ አባዬ» አሏቸው።

ስርጉዱ ከታንከሩ ጥግ ስለነበረ ብረት አይደርስበትም፤ ስለዚህ ግብጦ ሊሞላ ሆነ። ወይዘሮ እናኑ ከገበያ የገዙትን ቢያመጡ አቶ ቸኮለ «የገበያ ግብጦ ምን ጉልበት አለው?» ብለው ለቤቱ ስንቅ ያመጡትን የራሳቸውን ግብጦ አስፈቱ። በገዛ እጃቸው እየዘገኑም እስከ አፉ ሞሉት። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ውሃ ተጨምሮ፣ ክዳኑ ታስሮ ተቀመጠ።

ቅዳሜ ማለዳ ስርጉዱ ሊወጣ ጥቂት ብቻ ቀርቶታል። አቶ ባምላኩ ሊፈቱት መፍቻ ሲያነሡ አባታቸው «ቀዳሚት ሰንበት ናት፤ ብረት አይነካም» አሉ። ማግስቱ እሑድ ነው። ሰኞ ደግሞ ግንቦት አንድ፣ ልደታ፤ እርሷን ማን ይደፍራል? እንዳለው ወንድሙን ወደ ጓሮ ስቦ «ኧረ ክዳኑን እንኳ እንፍታው፣ ሊፈነዳ እኮ ነው!» ብሎ ለመናቸው። እርሳቸው ግን «እንዳለው፣ ታንከር በአገሩ ሞልቷል። አባቴ ከዚህ ግቢ ሲቀመጡ ያየሁት ዛሬ ነው። ይፈንዳ» አሉት።

አቶ ቸኮለ ሦስቱንም ቀን ከግቢው ካለ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው፣ የሚገባ የሚወጣውን እየመረቁ በዓላቸውን አከበሩ። ግብጦ ግን ሰንበትም ልደታም አያውቅም፤ ማበጡን ቀጠለ።

ማክሰኞ ሲፈታ ስርጉዱ የለም፤ የታንከሩም ቅርጽ የለም። ሁለት ጎኑ ተነፍቶ መንታ ያረገዘች በግ መስሏል። እንዳለው ራሱን ይዞ ቁጭ ሲል አቶ ቸኮለ ታንከሩን ዞር ዞር ብለው አዩትና «አላልሁም? የእኔ ግብጦ እኮ ነው!» አሉ። ያንን ሁሉ ግብጦ በሽቦ መንጠቆ እየለቀሙ ማውጣት ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀ።

ከዚህ በኋላ የቀረው መድኃኒት ያበጠውን ከውጭ በእንጨት መዶሻ እየመቱ መመለስ ነበር። ለዚህም ታንከሩን በጉልበቱ መካከል አጥብቆ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። እንዳለው ቢይዝ ታንከሩ ከጉልበቱ እያፈተለከ አስቸገረ። አቶ ቸኮለ ጋቢያቸውን አጣጥፈው አስቀመጡ፤ መሬት ላይ ተቀምጠው ታንከሩን በጉልበታቸው መካከል ያዙና «በል ምታ» አሉ። አቶ ባምላኩ መዶሻውን አንሥተው ቀሩ፤ አባታቸው ከያዙት ብረት ላይ እጃቸው አልወርድ አለ። አባት ቀና ብለው «ምታ እንጂ! እኔ ስመታው እንዲህ አልፈራሁም!» አሉ።

ውሻው በዚያች ቃል ነጻ ወጣ። ግቢው በሳቅ ተናጋ፤ አቶ ባምላኩም እንባቸው እየወረደ ሳቁ። ከዚያ በኋላ አንዱ እየያዙ አንዱ እየመቱ ጀምበር እስክታዘቀዝቅ ሠሩ። ታንከሩ ከቀኝ ጎኑ ትንሽ ወፈር ከማለቱ በቀር ወደ መልኩ ተመለሰ፤ ኮሚቴም አልተቋቋመበትም። አቶ ቸኮለ መዳፋቸው እንደጠቆረ ከመናኸሪያው ሻይ ቤት ገቡ። ምን ነካዎት ላላቸው ሁሉ «ከልጄ ጋር ብረት ስናቀና ውለን ነው» ሲሉ አመሹ።

ከዚያ ወዲያ ፍኖተ ሰላም በመጡ ቁጥር ማረፊያቸው ያ ጎማ ሆነ፤ ለደንበኛው ሁሉ ስለ ታንከር ምክር እስከ መስጠት ደረሱ። ስለ መቃብሩ ቃል ግን አንድም ቀን አላነሡም። እንዳለው ልጠይቃቸው ቢል አቶ ባምላኩ «ተው፣ የሰጡኝ ይበቃኛል፤ ሽማግሌ ቃልህን አጥፍ አይባልም» ብለው ከለከሉት። አቶ ቸኮለ በ2009 ዓ.ም በሰማንያ አራት ዓመታቸው ሲያርፉ ነገሩ አብሯቸው የተቀበረ መሰለን።

አቶ ባምላኩ በዕድራቸው ቀድመው ደራሽ፣ በማኅበራቸው ቀልድ አዋቂ ነበሩ። ዛሬ ግቢውን የምታስተዳድረው ታናሽ ልጃቸው ህይወት ናት። በመዶሻ አያያዟ አባቷን ትበልጣለች ሲባል ከሁሉ ይልቅ ደስ የሚላቸው እርሳቸው ነበሩ። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በፍኖተ ሰላምና በባሕር ዳር ሲታከሙ ቆዩ። ዘንድሮ ታቦቱ ከጥምቀተ ባሕር ሲመለስ በመስኮት አይተው ተሳለሙ። በዚያው ቀን ባለቤታቸውን ጠርተው «እዚሁ ፍኖተ ሰላም ቅበሩኝ፤ አባቴን በመቃብራቸው አላስቸግራቸውም» አሏቸው። ትናንት ረቡዕ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም ማለዳ፣ በተወለዱ በስድሳ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ እናኑን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና አንድ ወንድማቸውን፣ እንዲሁም መንገድ ተዘግቶባቸው ከዚህ ሊደርሱ ያልቻሉ ብዙ ዘመዶቻቸውንና ወዳጆቻቸውን ትተዋል።

ትናንት የፍኖተ ሰላሙ ቀብር ሲሰናዳ የምንጭ ዳር ማርያም ቄሰ ገበዝ አባ መልካሙ ለእንዳለው ደወሉና «ጉድጓዱን አስጀምሬያለሁ፤ ስንት ሰዓት ትደርሳላችሁ?» አሉት። የት ነው የሚቆፈረው ሲላቸው «ከአባታችሁ በስተቀኝ ነዋ!» አሉ። አቶ ቸኮለ በዚያው በ2003 ዓ.ም፣ ከፍኖተ ሰላም በተመለሱ በሳምንቱ፣ ወደ እርሳቸው መጥተው «በክፉ ቀን የተናገርሁትን ፍቱኝ። እኔን ስትቀብሩኝ ወደ ዳር ገፋ አድርጉኝ፤ በቀኜ ለባምላኩ ይቅርለት» ብለው ነበር። ለሰው በቁሙ መቃብሩን መንገር ዕድሜ ያሳጥራል ብለው ስለሚያምኑም ለልጃቸው እንዳይነግሩ አባ መልካሙን አስምለዋቸዋል። አባ መልካሙም ያችን ቦታ ለለመናቸው ሁሉ ሲከለክሉ ስምንት ዓመት ጠበቋት። ወይዘሮ እናኑ ይህን ሲሰሙ በለቅሶው መካከል እልል አሉ፤ ማንም አልገሠጻቸውም። የፍኖተ ሰላሙ ቀብር ቀርቶ ወደዚህ ወደ ምንጭ ዳር ያመጣናቸውም ስለዚህ ነው። ወንድማችን ይህን ሳይሰሙ መሄዳቸው ግን እንዳለውን እስከ ዕለተ ሞቱ ያንገበግበዋል።

ስብራትን ሁሉ የሚጠግን አምላክ የአቶ ባምላኩን ነፍስ በቀኙ ያቁምልን፤ ለእናንተም ስለ እርሳቸው ለደከማችሁት ዋጋችሁን እርሱ ይክፈላችሁ።

ወንድም ጋሼ፣ ጠጋ ይበሉ፤ አባታችን ቦታ ይዘውልዎታል።