የደብረ ብርሃኑ ድምፅ ማጉያ ሠሪ አቶ ወልደተንሣኤ ገብረአብ፤ ከ1931 እስከ 1983 ዓ.ም.

አቶ ወልደተንሣኤ ገብረአብ ከአባታቸው ከመምሬ ገብረአብ ወልደሚካኤልና ከእናታቸው ከወ/ሮ ቦሰና ኃይሌ በጥር ወር 1931 ዓ.ም. አንኮበር ላይ ተወለዱ። ጊዜው የጠላት ጊዜ ስለነበር ክርስትና የተነሡት ከሰበካቸው ርቀው በሌላ ደብር ነው። ፊደልና ዳዊት በአባታቸው እግር ሥር ተማሩ። አባታቸው ለቅስና ያስቧቸው ነበር። እሳቸው ግን በአሥራ አንድ ዓመታቸው አንኮበር ገበያ ላይ አንድ የመንግሥት መኪና ቆሞ ስለ ወባ መድኃኒት በጡሩንባ ሲናገር፣ ሰው ሁሉ የሚባለውን ሲያዳምጥ ከመኪናው ኋላ ዞረው ሽቦውን ይከተሉ ነበር። ሹፌሩ በጆሯቸው ይዘው አወጧቸው። ወ/ሮ ቦሰና ይህን ታሪክ ለእንግዳ ሁሉ ይናገሩት ነበር፤ የሚናገሩት ግን በኩራት አልነበረም።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በደብረ ብርሃን ፈጽመው በ1947 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተግባረ እድ ትምህርት ቤት ገቡ፤ በ1951 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ሙያ ተመረቁ። ከዚያም ፒያሳ በነበረ የአንድ የውጭ አገር ነጋዴ የራዲዮ መደብር ውስጥ በጠጋኝነት ተቀጠሩ። መደብሩ ድምፅ ማጉያ ከባሕር ማዶ እያስመጣ ለአብያተ ክርስቲያናት፣ ለመስጊዶችና ለማዘጋጃ ቤቶች ይሸጥ ነበር። የተበላሸ ግን መለዋወጫው በመርከብ እስኪመጣ ይጠብቃል። ከሰላ ድንጋይ የመጡ አንድ ካህን ሁለት ጥምቀት ሙሉ ጠብቀው፣ በሦስተኛው ዓመት፣ “የሚናገረውን ዕቃ ገዝተን ዲዳ ሆንን” ብለው ጡሩንባቸውን መደብሩ ደጃፍ ላይ ጥለውት ሄዱ። አቶ ወልደተንሣኤ አንሥተው ወደ ቤታቸው ወሰዱት። ከዚያ በኋላ ሥራ ላይ ልባቸው አልነበረም። ዕቃውን እዚያው ተጠቃሚው ባለበት አገር መሥራት እንደሚቻል ለራሳቸው ወስነው ነበር።

በ1957 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይተው ሥራ ጀመሩ። ትራንዚስተርና ማግኔት ከውጭ የመጣ መሆኑ አልቀረም፤ የቀረውን ሁሉ ግን እዚያው ይሠሩት ነበር። ሽቦውን ራሳቸው ይጠቀልላሉ፤ ሣጥኑን ከጽድ እንጨት ያሠራሉ፤ ሣጥኑ ውስጥ ድምፁ እንዳያስተጋባ የከተማው ብርድ ልብስ ሠሪዎች የሚጥሉትን የበግ ጠጉር ይጠቀጥቁበታል። ማብራት በሌለበት አገር በመኪና ባትሪ እንዲሠራ አድርገው ያዘጋጁታል።

ያልሆነላቸው ጡሩንባው ነው። ከበርሜል ቆርቆሮ እየቆረጡ ቢበይዱትም ጮክ ሲል ድምፁ ይሰነጠቅ ነበር። ይህን ያቃናላቸው ከአንኮበር በታች ካለ የቀጥቃጮች መንደር የመጡት አቶ ገብረኪዳን ተክለጊዮርጊስ ናቸው። ሰው ማረሻውንም ቢላዋውንም ከእኒህ ሰዎች እጅ ይገዛል፤ ጠይብ ናቸው፣ ቡዳ ናቸው እያለ ግን ከማዕዳቸው አይቀርብም። አቶ ገብረኪዳን ቆርቆሮውን እያሞቁ በመዶሻ አስተካክለው አወጡት፤ አንገቱንም ከብረት ቧንቧ ሠርተው ገጠሙለት። ሲሞከር ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሰዎች አንድ ላይ ሠሩ፣ ከአንድ ትሪ በሉ። ወ/ሮ ቦሰና ይህን ሲሰሙ፣ “ቄስ ይሆናል ስል ወናፍ አናፊ ሆነብኝ” ብለው የልጃቸውን ቤት ደጃፍ ሳይረግጡ በ1964 ዓ.ም. ዐረፉ።

በሥራው መጀመሪያ ዓመት አንድ የደብር አለቃ ጡሩንባ ሊገዙ መጥተው ማን እንደቀጠቀጠው ጠየቁ። አቶ ወልደተንሣኤ፣ “እኔ ነኝ” አሉ። አቶ ገብረኪዳን ከውስጥ ክፍል ይሰሙ ነበር። አለቃውም አላመኑ ኖሮ ጡሩንባውን ጸበል አስረጭተው ሰቀሉት። አቶ ገብረኪዳን ይህን ሲሰሙ፣ “እንግዲህ ጡሩንባው እንኳ ተጠመቀ፤ የቀረሁት እኔ ነኝ” ብለው ሣቁ። ሁለቱም ሣቁ። ከዚያ በኋላ ግን ገዥ በጠየቀ ቁጥር መልሱ ያው ሆነ። “እኔ ነኝ።” ገበያ እንዳይርቅ ሲባል ለአሥራ ሦስት ዓመት እንዲሁ ተባለ።

በ1959 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ ተመርቀው ደብረ ብርሃን በታሪክ መምህርነት ከተመደቡት ከወ/ሮ ወለተ ሥላሴ አየለ ጋር በደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጽመው ሁለት ልጆች አፈሩ።

አቶ ወልደተንሣኤ ከእጃቸው የወጣ ዕቃ በማንም እጅ ይሁን በምን ምክንያት ቢበላሽ ሊጠግኑት ቃል ይገቡ ነበር፤ ቃላቸውንም አላጠፉም። ዕቃ ከመሸጣቸው በፊት ከደጃፋቸው ደረጃ ላይ ገፍተው ይጥሉታል፤ ወድቆም ከተናገረ ያስረክቡታል። የአልዩ አምባው ነጋዴ አቶ ዓወል ለመስጊዳቸው ሊገዙ መጥተው ይህን ሲያዩ፣ “የኔ አህያ ገደሉን ስትወርድ ከዚህ በላይ ነው የምትጥለው፤ ወላሂ ድገመው” አሏቸው። ደገሙት። በየዓመቱም ከረመዳን በፊት ራሳቸው ቁልቁለቱን ወርደው ዕቃውን አይተው ይመለሱ ነበር። አንድ ጊዜ በወባ ታመው አቶ ዓወል ቤት ሰንብተው መጥተዋል።

አቶ ገብረኪዳን በየካቲት ወር 1970 ዓ.ም. ተያዙ። በአሰሳ ደብረ ብርሃን ያለው ቤታቸው ሲፈተሽ ከወናፉ አጠገብ የተከመሩ አጫጭር ቧንቧዎች ተገኙ። የጡሩንባ አንገቶች ነበሩ። የጠመንጃ አፈሙዝ ናቸው፣ ለፀረ አብዮተኞች የሚሠሩ ናቸው ተባለ።

አቶ ወልደተንሣኤ በማግሥቱ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሄዱ። ቧንቧዎቹ ለድምፅ ማጉያ የተሠሩ መሆናቸውን፣ የሠሯቸውም አቶ ገብረኪዳን መሆናቸውን ተናገሩ። ሊቀመንበሩ በጥሞና ሰሟቸው።

“ጓድ ወልደተንሣኤ፣ ለደብሩ ጡሩንባውን ስትሸጥ እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ማን ሠራው ሲሉህ እኔ ነኝ አልክ። የዋሸኸው ያኔ ነው ወይስ አሁን ነው?”

“ያኔ ነው” አሉ።

“ለምን?”

“ሰው ከሱ እጅ አልገዛም ስለሚለኝ።”

“ይህን እንኳ አብዮቱ ሽሮታል” አሉ ሊቀመንበሩ። በዙሪያቸው የተቀመጡት ሣቁ። ሊቀመንበሩ ግን ሣቁን አቁመው አንድ ነገር ጨመሩ። ለሚያዝያ 23፣ ለሠራተኞች ቀን፣ አደባባዩ ላይ የሚሰቀሉ አራት ጡሩንባዎች ያስፈልጋሉ። “እነሱን ሠርተህ አምጣና ስለ ሰውህ እንነጋገራለን።”

አቶ ወልደተንሣኤ ይህን እንደ ተስፋ ይዘው ተመለሱ። ወናፉን ከአቶ ገብረኪዳን ቤት አስመጥተው፣ ያዩትን እያስታወሱ፣ በርሜል እየቆረጡ ይቀጠቅጡ ጀመር። የመጀመሪያዎቹ ተሰነጠቁ። እጃቸው ተቃጠለ፤ የግራ አውራ ጣታቸው ጥፍር ወጣ፣ ዳግመኛም በደንብ አልበቀለም። ባለቤታቸው ነገሩ የት እንደሚያደርስ ገብቷቸው፣ “አበላሽተህ ሥራቸው። ያለ እሱ እንደማይሆን ይዩት” አሏቸው።

“የተበላሸ ዕቃ ይዤ ሄጄ ሰው ስጡኝ ልበል?” አሉ።

በዚህ ጉዳይ ሁለተኛ አልተነጋገሩም።

ጡሩንባዎቹ በሚያዝያ አጋማሽ አለቁ። አቶ ወልደተንሣኤ አራቱንም ከደረጃው ላይ ጥለው ፈተኗቸው፤ አራቱም ተናገሩ። በቀጠሮው ቀን አስረከቡ፤ ቆመውም ጠበቁ። ሊቀመንበሩ አንዱን ጡሩንባ በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉና፣ “ይኸው ያለ ሰውዬው ሠራህ” አሉ። “እንግዲህ እሱ ቤት የተገኘው ቧንቧ ለጡሩንባ አልነበረም ማለት ነው።”

“የሠራሁት ከሱ አይቼ ነው።”

“ግሩም ነው የሠራኸው” አሉ ሊቀመንበሩ።

በዓሉ በተከበረ በማግሥቱ፣ አብዮታዊ እርምጃ የተወሰደባቸው ሰዎች ስም በአራቱ ጡሩንባዎች ተነበበ። የአቶ ገብረኪዳን ስም ከነአባታቸው ከነአያታቸው ተጠራ። የገበያ ቀን ነበር። ድምፁ ጥርት ያለ ስለነበር በከተማው ዳር ያለ ሰው እንኳ አልሰማሁም የሚልበት ምክንያት አልነበረውም።

አስከሬን አልተሰጠም። ለቅሶ መቀመጥ ተከልክሎ ነበር። የአቶ ገብረኪዳን ባለቤት ወ/ሮ እናናየሁ ጥቁር እንዳይለብሱ ተነግሯቸው ነጠላቸውን እንኳ ሳያዘቀዝቁ ከረሙ። አቶ ወልደተንሣኤ ሊያጽናኗቸው ሄደው ደጃፍ ላይ ቆሙ። ወ/ሮ እናናየሁ አላስገቧቸውም። “አሥራ ሦስት ዓመት እጁን ደበቅከው” አሏቸው። “አሁን ራሱን ደበቁልህ። ሂድ።” ከዚህ በቀር ስድብም እርግማንም ከአፋቸው አልወጣም።

የከተማው ሰው ግን ብዙ ተናገረ። የአቶ ገብረኪዳንን እጅ ሲጸየፍ የኖረ ሁሉ፣ አሁን ወልደተንሣኤ ሰው ሸጠ አለ። ጡሩንባቸውን ጸበል ያስረጩት አለቃ ሳይቀሩ እንዲህ ማለታቸው ተሰምቷል። የዕድር ሰዎች ለስብሰባ ሲቀመጡ አቶ ወልደተንሣኤ አጠገብ ያለው ወንበር ባዶ ይሆን ነበር። ዛሬ ለመታሰቢያቸው እዚህ ከቆማችሁት ውስጥ ያንን ወንበር የምታስታውሱ አላችሁ።

አቶ ወልደተንሣኤ ሥራቸውን አላቆሙም። ከዚያ ወዲህ ግን ጡሩንባ ሊገዛ የመጣ ሰው ባይጠይቃቸውም እንኳ፣ ይህን ሙያ ያመጣው ገብረኪዳን የሚባል ቀጥቃጭ መሆኑን ሳይናገሩ አይሸጡም ነበር። ሰምተው ሳይገዙ የሄዱ አሉ። አቶ ዓወል ለመስጊዱ ሁለተኛ ሊገዙ ሲመጡ ይህንኑ ነገሯቸው። አቶ ዓወልም፣ “ይህንን እኮ አልዩ አምባም አንኮበርም ያውቃል” አሉ። “ያንተ እጅ ሽቦ ነው የሚያውቀው፤ ማን ይታለላል? አንተ እኔ ነኝ ካልክ ብለን ነው ዝም ያልነው።”

አቶ ወልደተንሣኤ ያን ቀን ሱቁን በጊዜ ዘግተው ገቡ። ራት አልበሉም።

የአደባባዩ ጡሩንባዎች በየጊዜው ይበላሹ ነበር፤ ወደ እሳቸውም ይመጡ ነበር። ይጠግኗቸውና በገዛ ድምፃቸው ሞክረው ይመልሷቸው ነበር። ለምን እንደሚጠግኗቸው ባለቤታቸው አንድ ጊዜ ጠይቀዋቸው፣ “ከእጄ ነው የወጡት” ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ። በዚህ የቀየሟቸው ሰዎች ነበሩ። ባለቤታቸው ያን ጊዜ አልተከላከሉላቸውም፤ ዛሬም አይከላከሉላቸውም።

ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ በጉበት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው በአዲስ አበባ ሆስፒታል ሲረዱ ነበር። ባለፈው ግንቦት መንግሥት ሲለወጥ ደብረ ብርሃን ቤታቸው አልጋ ላይ ነበሩ። ወደ ከተማው የገቡት ታጋዮች የሰዓት እላፊውን ያወጁት በእነዚያው አራት ጡሩንባዎች ነው። አቶ ወልደተንሣኤ ከትራሳቸው ቀና ብለው አዳመጡና፣ “የሦስተኛው ድምፅ ተሰንጥቋል” አሉ። ማንም ሊያሠራው አልመጣም። ሰኔ 29 ቀን 1983 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው በቤታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

አቶ ወልደተንሣኤ ከባለቤታቸው ከወ/ሮ ወለተ ሥላሴ ሌላ፣ ሴት ልጃቸውን ወ/ሪት ጽጌ ማርያምንና ወንድ ልጃቸውን አቶ ገብረአማኑኤልን፣ እንዲሁም አንድ እኅት ትተው አልፈዋል።

ይህ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ወ/ሮ ወለተ ሥላሴ አንኮበር ድረስ ሄደው አሁን እዚያ የሚኖሩትን ወ/ሮ እናናየሁን አነጋግረዋል። ለአቶ ገብረኪዳን ፍትሐት ተደርጎ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ነፍስ ይማር ተብሎ ስለማያውቅ፣ ዛሬ ስማቸው በጸሎቱ እንዲነሣ ፈቃድ ጠየቁ።  ወ/ሮ እናናየሁም፣ “ይነሣ” አሉ። “ከዚያ ሰው ስም ጋር በአንድ ትንፋሽ ግን እንዳይጠራ።” ስለዚህ እንደ ፈቃዳቸው ይደረጋል።

እግዚአብሔር የአቶ ወልደተንሣኤ ገብረአብን ነፍስ በምሕረቱ ይቀበል፤ የሚያውቀውን እሱ ይመዝን።

እዚህ ላይ አንባቢው ያቁሙ፤ ሕዝቡም ጸጥ ይበል።

እግዚአብሔር የአቶ ገብረኪዳን ተክለጊዮርጊስን ነፍስ ይማር። ከ1957 እስከ 1970 ዓ.ም. ከዚያ ቤት የወጡትን ጡሩንባዎች የሠሩት እሳቸው ናቸው።