እናታችን በአባታችን ወንበር ተቀመጠች

ይድረስ ለወንድሜ ለሮዳንቴ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ፣ ያ ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህ ኖርማና ልጆቹስ አማን ናቸው? ሮም ብርዱ ለቀቀላችሁ? እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት አለን፤ ሙቀቱ ብቻ አላስቀምጥ ብሎናል። ናፍቆትህ ገደለን ብዬ እንዳልጽፍልህ ግን ሆዴ ሻክሯል፤ እውነቱን ልንገርህ።

ለገና በላክኸው ካርድ፣ ለሰሞነ ሕማማት መጥቼ የአባቴን ስእለት፣ በቤታችን የሚዜመውን የሕማማቱን ንባብ፣ አደርሳለሁ ብለህ ነበር። እማማ ያቺን ቃል ይዛ ጾሙን ሙሉ ሙሽራ እንደሚቀበል ሰው ጉድ ጉድ ስትል ከረመች። አባታችን ከሞተ ወዲህ የሕማማቱን ንባብ የሚጀምርልን አጎታችን ቴሞይ ነበር። ዘንድሮ የበኩር ልጄ በአባቱ ወንበር ይቀመጣል ብላ አሰናበተችው። ሰውየው ተቀየመ።

ማክሰኞ ጠዋት ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። እማማ ግን ልጄ መንገድ ላይ ነው፣ ማንም እንዳይጀምር አለች። ንባቡ ሳይጀመር ደግሞ እንግዳ እህል አይቀምስም። በኮኮናት ወተት የቀቀልኩት ስኳር ድንች ድስቱ ውስጥ ጠጠረ። እትዬ ፔፓን ታውቃት የለም? ምላሷ ጾም አያውቅም። «ጌታ እንኳ በሦስተኛው ቀን ተነሥቷል፤ ያንቺ ልጅ መቼ ነው የሚነሣው?» አለቻት፣ በሰው ፊት። ሰው ሳቀ፣ እማማም አብራ ሳቀች። እኔ ተነሥቼ ወደ ድስቱ ሄድኩ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ ሰፈራችን መድኃኒት ቤት ስልክ ደወልክ፤ ጠርተውኝ ሄድኩ። አሠሪዎችህ ለፋሲካ ወደ ባሕር ዳርቻ ይዘውህ እንደሚሄዱ፣ እምቢ ማለት እንደከበደህ ነገርከኝ። እናትህን እምቢ ማለቱ ቀለለህ፣ አይደል?

ተመልሼ በጆሮዋ ነገርኳት። ተነሥታ በአባታችን ወንበር ቁጭ አለችና ድምፅ ማጉያውን ወደ አፏ አስጠግታ ንባቡን በዜማ ጀመረች። በዚያ ወንበር ሴት ተቀምጣ አታውቅም፤ እትዬ ፔፓ እንኳ አፏን ያዘች። ጌታ እናቱን የሚሰናበትበት ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ይሰበራል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልተሰበረም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

ሌት ተቀን እየተፈራረቅን አዚመን ሐሙስ ጠዋት ንባቡ ሲያልቅ «ክሪሳንታ፣ ዐረፍኩ» አለችኝ። «ልጄን አምጣልኝ እያልኩ እግዚአብሔርን ስነዘንዘው ኖርኩ። አሁን ተውኩት። ለካ እሱም ይህንኑ ነበር የሚጠብቀው።»

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ይወስዳታል፤ ምግብም ተስማምቷታል። በረንዳ ወጥታ መንገድ መንገዱን ማየት ትታለች። ጎረቤቱ ጾሙ አደሳት ይላል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ አልሆነልኝም። እሷ ከአምላኳ ጋር ሰላም አወረደች፤ እኔ ግን አንተን ይቅር ማለት አቅቶኝ ፋሲካን በቂም ፈሰክሁ።

ባለቤቴ ኢሲድሮ ሰላም ብሎሃል። ልጄ ሚላግሮስ እጅህን ትስማለች። አጎታችን ቴሞይም፣ ቅያሜው እንዳለ ሆኖ፣ እንዴት ነህ ብሎሃል። ኖርማንና ልጆቹን ሳምልኝ። የእማማን ሰላምታ ልጻፍ ብዬ ምን ልበልልሽ አልኳት፤ ድሮ እንኳን ገጹ ኅዳጉም አይበቃትም ነበር። «ደህና ይሁን» አለችኝና ወደ ዶሮዎቿ ሄደች።

እኅትህ ክሪሳንታ

ጉዋጓ፣ ፓምፓንጋ
የፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ ኤፕሪል 4 ቀን 1988