የጩማ ስም የሌለበት ገጽ

ጥር 16፣ አርብ
ከሰዓት፣ የፍላሽ ሰዓት። ኔትወርኩ ደህና የሚይዘው ወንደሰን ጠረጴዛ ጋ ብቻ ነው። እኔና ጩማ የሳምንቱን ኮድ በፍላሽ እንሰጠዋለን፤ አለቃችን ነው፣ በራሱ መግቢያ፣ በስሙና በይለፍ ቃሉ፣ የድርጅቱ ሰርቨር ላይ ይጭነዋል። ሦስት ዓመት እንዲሁ። ማን ምን እንደሠራ ሦስታችንም እናውቃለን… ምን ችግር አለው?
አዲስ ሥራ ተሰጠኝ። ቡድናችን የሠራቸውን ፕሮግራሞች፣ የኮድ ፓኬጆቹን፣ ዘርዝሮ የሚያሳይ ገጽ፣ ለእኛ ብቻ የሚከፈት። ስሙ፣ ጥቅሙ፣ የሠራው ሰው።

ጥር 20፣ ማክሰኞ
የጩማ አጎት አረፉ። የቢሮው ሰው ሁሉ ቤሌ ከተማ፣ ለቅሶ ሄደ። እኔ ቀረሁ። ገጹ ዛሬ መድረስ ነበረበት። ወንደሰን ከመንገድ ደውሎ በስሜ መግቢያ ከፈተልኝ። ጠረጴዛው ላይ ተቀምጬ ራሴ ጫንኩት።
ገጹ የሠሪውን ስም ከጫነው ሰው መግቢያ ላይ ይወስዳል። ሃያ ሦስት ፓኬጆች፦ ወንደሰን። አንድ፣ ገጹ ራሱ፦ ማክዳ፣ እኔ። ጩማ የለም። አየሁት። ማስተካከሉ ነገ ይደርሳል አልኩ።

የካቲት 3፣ ሰኞ
ጩማ ገጹን አየ። ትልቁ ፓኬጅ የሱ ነው። የክሊኒክ መዝጋቢ የአንዲትን ሕመምተኛ ስም አንድ ቀን ቦሼ፣ ሌላ ቀን ቦሸ ብሎ ቢጽፍም ፓኬጁ ካርዷን ፈልጎ ያገኛል። ሁለት ዓመት ለፍቶበታል።
«ማኪ፣ የሰውን ሁሉ ስም የሚያገኝ ሠርቼ የራሴን ረሳሁት» አለ። ሳቅን። አስተካክላለሁ አልኩት።
የጩማን ስም ላስገባ ወይ ብዬ ወንደሰንን ጠየቅኩት። የውስጥ ገጽ ነው፣ ማን ያየዋል አለኝ። ተውኩት። ስሜን ከአለቃዬ ስም ቀጥሎ ብቻውን ማየት ደስ ይለኝ ነበር… ይህ ለማን ይነገራል?

የካቲት 18፣ ማክሰኞ
የድርጅቱ ባለቤት አቶ አድነው ከአዲስ አበባ መጡ። ሥራ ቀዝቅዟል፤ ከሦስታችን አንዱ ይቀነሳል። ገጹን ክፈቱልኝ አሉ። የከፈትኩት እኔ ነኝ። በጣታቸው ከላይ እስከ ታች ወረዱ።
«ጩማ የቱ ላይ ነው?»
ወንደሰን ስልኩን መነካካት ጀመረ። ጩማ እኔን አየኝ። እኔ ስክሪኑን። ለራሱ ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። በኋላ ነው የገባኝ፤ እሱ የኛን አፍ ይጠብቅ ነበር።

የካቲት 19፣ ረቡዕ
ለአቶ አድነው ኢሜይል ጻፍኩ። አልላክሁትም።

የካቲት 21፣ አርብ
ጩማ ዕቃውን ሰበሰበ። ቻርጀር፣ ሁለት ደብተር፣ ኩባያ። ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ሄደ።
ሲሰናበተኝ «ገጽሽ ያምራል» አለኝ። አልቀለደም መሰለኝ። ይሄ ነው የከፋው።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ
ከአንድ ክሊኒክ ተደወለ። የካርድ ፍለጋው ቆሟል፤ ሕመምተኞች ተሰልፈዋል። ወንደሰን ኮዱን ከፍቶ ግማሽ ቀን አፈጠጠበት። ከዚያ ለጩማ ደውዪለት አለኝ።
ጩማ በትሕትና ነው ያናገረኝ። ጤናዬን ጠየቀ፣ እናቴን ጠየቀ።
«ገጹ ላይ የተጻፈውን ሰው ጠይቂው» አለ። «የሠራው እሱ ነው።»
ወንደሰን «ምን አለ?» ሲለኝ፣ «ስልኩ አይነሣም» አልኩት።

መጋቢት 12፣ አርብ
የፍላሽ ሰዓት። ወንደሰን እጁን ዘረጋ። በምሳ ሰዓት እዚሁ ተቀምጬ በስሜ ጭኜዋለሁ አልኩት። እጁን መለሰ።
አሁን ገጹ ላይ ሁለት ቦታ አለሁ። ኔትወርኩ እስኪመጣ አርባ ደቂቃ ጠብቄያለሁ፤ ምሳዬን ሳልበላ።
የጩማን ስም ማስገባት አሥር ደቂቃ አይፈጅም…
ነገ ይደርሳል አልኩ።