በፔርሙዝ ውሃ ስለተቃጠለው ሞተሬ

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ስምሪትና ጥገና መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል እያልኩ፣ የሰውነትዎ ሙቀት ሠላሳ ሰባት ዲግሪ እንጂ ከዚያ በላይ እንዳይሆን ከልቤ እመኛለሁ። ይህን ምኞት ለምን እንደመረጥኩ ጥቂት ታግሠው ካነበቡ ይደርሱበታል፤ ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነውና። እኔ በበኩሌ ደህና ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቧንቧ ጠጋኞችን በመኪና ቁጥር ሰባት ጭኜ ስዞር ኖሬ፣ ከሦስት ሳምንት ወዲህ በእርስዎ ደግነት በር ላይ ቁጭ ብዬ የሚገባና የሚወጣውን መኪና ሰዓት እመዘግባለሁ። ወገቤ አርፏል፤ እግዜር ይስጥልኝ። የፊታችን ሐሙስ ግን የዲሲፕሊን ኮሚቴው ዳግመኛ መሪ እንዳልጨብጥ ሊወስን ስለሚቀመጥ፣ ይህችን ደብዳቤ ከዚያ በፊት በሩ አጠገብ ባለው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌያታለሁ።

ጥፋቴ በደብዳቤዎ እንደተገለጸው «ሞተር ማቃጠል» ነው። ለሙከራ በሦስት መኪኖች ላይ ያስገጠሙት ሴንሰር የሞተሩን ሙቀት በየደቂቃው ወደ መዝጋቢ ሳጥን ይልካል፤ ሳጥኑም ወሩ ሲያልቅ ተከፍቶ ቢታይ፣ ቁጥር ሰባት ሃያ ሁለት ቀን መቶ ሠላሳ ሁለት ዲግሪ ደርሳለች ይላል። መመሪያዎ በአንቀጽ ሁለት፣ ሳጥኑ ከመቶ አሥራ አምስት በላይ ያነበበበት መኪና ቁልፍ «ያለ ልዩነት በዕለቱ ይረከባል» ስለሚል አስረከብኩ። እንግዲህ ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዬን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፦ መቶ ሠላሳ ሁለት ዲግሪ ነድዳ ስታበቃ በየዕለቱ በራሷ ጎማ ወደ ግቢ የምትመለስ ተአምረኛ መኪና ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። የጋራዡ ኃላፊ ራዲያተሯን ከፍቶ፣ ሞተር ሲግል ቀድሞ የሚቃጠለውን ጋስኬቷን አይቶ፣ «ይቺ መኪና ከኔ ትሻላለች፤ ጋስኬት የሚያስፈልገው የኔ ጉልበት ነው» ካለ በኋላ ይህንኑ በጨዋ ቋንቋ በሪፖርት ጽፎልዎት ነበር። እርስዎም ጠርዙ ላይ «መሣሪያ አይዋሽም» ብለው መለሱለት። እውነትዎን ነው፤ መሣሪያ አይዋሽም፣ የተነገረውን ይደግማል እንጂ።

ሁለተኛ፦ ምን እንደተነገረው ከቃለ ጉባኤው አንብቤያለሁ። ሴንሰር እንደ ሕፃን ነው፤ በረዶ ውሃ ውስጥ ነክረው «ይህ ዜሮ ነው»፣ ሙቀቱ የታወቀ ትኩስ ውሃ ውስጥ ነክረው «ይህ ደግሞ ይህን ያህል ነው» ብለው ያስተምሩታል። የልኬት ኮሚቴዎ አምስት አባላት ዜሮውን በትክክል ይዘዋል፤ ለዚህም በረዶው ይመሰገናል። በቢሮ ውስጥ ውሃ ማፍላት ግን በደኅንነት ኮሚቴው የተከለከለ በመሆኑ (የደኅንነት ኮሚቴውም እነዚሁ አምስት ሰዎች ናቸው)፣ ትኩሱን ሻይ አፍይዋ ጠዋት ካመጣችው ፔርሙዝ ቀዱት። ክዳኑ ጠፍቶ በጋዜጣ የተወተፈው ፔርሙዝ ነው፤ ያውቁታል። ያለፈው ቃለ ጉባኤ ተነቦ እስኪጸድቅ ድረስ ውሃው ሁለት ሰዓት ሙሉ በትዕግሥት ጠበቃቸው። ሻይ አፍይዋ «ኧረ ቀዝቅዟል፣ ላሙቅላችሁ?» ብትል፣ «ስብሰባ ላይ ነን እኮ እናቴ፣ አትረብሺን» ተባለች። ከዚያም «የፈላ ውሃ፣ መቶ ዲግሪ» ተብሎ ተጻፈ፤ አምስቱም ፈረሙ፤ ማኅተም ተመታበት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ እዚህ ላይ የምናገረው ስለ ወረቀቱ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፦ ባለቤቴ የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ሠራተኛ ናት። ከዕቃ ግምጃ ቤት የተረፈውን ሴንሰር የጋራዡ ኃላፊ በፊርማ አውጥቶ፣ የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተሩን ይዞ ቤታችን መጣ። ሴንሰሩን ከመስታወት ቴርሞሜትር ጋር አስረው፣ የድስቱን ቂጥ እንዳይነካ አንጠልጥለው፣ ውሃውን እያማሰሉ በየአሥር ዲግሪው ቴስተሩ የሚያሳየውን ጻፉ። ሠንጠረዡን አያይዤዋለሁ። ኮሚቴው በቃለ ጉባኤው መቶ ብሎ ከፈረመበት የቴስተር ቁጥር ትይዩ የእኛው ሠንጠረዥ ስልሳ ስምንት ይላል። ለነገሩ ከተማችን ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ ዘጠና ሁለት ላይ ይፈላል፤ ከምድጃ ላይ ትኩሱን ቢቀዱት እንኳ መቶ ባልሆነ። በዚህ ስሌት የእኔዋ መቶ ሠላሳ ሁለት ማለት ዘጠና ነው፣ የጤነኛ ሞተር ሙቀት። ሴንሰሩን እርስዎ ብብት ሥር ብንሸጉጠው ደግሞ ሃምሳ አራት ስለሚያነብ፣ ይኼኔ ድንኳን በተጣለ ነበር። ባለቤቴ ሒሳቡን ጨርሳ እርሳሷን አስቀመጠችና «አንተ ሰውዬ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ፊትህን ያጠቆርክብኝ በቀዘቀዘ የሻይ ውሃ ነው?» አለችኝ።

አራተኛ፦ ሞተሯ ከወጣ ሁለት ዓመት የሆናት፣ ዛፍ ሥር የቆመችው ቁጥር አራት፣ ሠላሳ አንድ ዲግሪ ብቻ በመመዝገቧ «አርአያነት ላለው አነዳድ» የምስክር ወረቀት ሰጥተዋታል። የሚቀበል ሹፌር ስለጠፋ ወረቀቱ መስታወቷ ላይ ተለጥፏል። ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቀም አይቻለሁ፤ ሞተር በሌለበት አነዳድ ሲሸለም ግን ገና አሁን ማየቴ ነው። እንኳን ደስ ያላት።

አምስተኛው ቀልድ የለበትም። ትንሿ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በዚህ በር ታልፋለች። ባለፈው ሳምንት ቆም ብላ «አባዬ፣ እውነት አቃጠልካት?» አለችኝ። አላቃጠልኩም አልኳት፤ እሷ ግን ማንበብ ትችላለች፣ ሰሌዳው ላይ አቃጥሏል ተብሎ ተጽፏል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ድምጿ ሲለወጥ ከሩቅ የምለያትን መኪና አቃጠልክ መባል ያማል፤ አሞኛል።

ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ኮሚቴው ከመወሰኑ በፊት ግማሽ ሰዓት ብቻ ይፈቀድልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ። ድስቱ፣ ምድጃውና ቴርሞሜትሩ ከእኔ፤ የደኅንነት ኮሚቴው እንዳይደነግጥ የምናፈላው ግቢ ውስጥ ነው። ሴንሰሩ እንደገና ይማር፣ ቁልፌ ይመለስ፣ ያ ደብዳቤም ከማኅደሬ ይውጣ። ሌላ የምፈልገው የለም።

ለመምሪያዎ የምመኘው ትኩስ ውሃ፣ ለእርስዎም ያለኝ አክብሮት ሳይቀዘቅዝ፣

የቁጥር ሰባት ሹፌር የነበርኩት፣ የዛሬው የበር መዝገብ ያዥ

ግልባጭ፦
ለሻይ አፍይዋ (በዕለቱ እውነት ለተናገረችው ብቸኛ ባለሙያ)
ለቁጥር አራት (ባለችበት፣ ዛፍ ሥር)

ማሳሰቢያ፦ ሴንሰር የተገጠመላት ሦስተኛዋ መኪና ቁጥር አንድ፣ የእርስዎ ናት። እኔን ያሳፍር ዘንድ ራስዎ ያስለጠፉት ዝርዝር የመጨረሻ መስመር ላይ፣ ቁጥር አንድ፦ መቶ ሠላሳ አራት ይላል። በአንቀጽ ሁለት ቁልፍ የሚረከበው የበር መዝገብ ያዡ ሲሆን፣ ያም በራስዎ ፊርማ እኔ ነኝ። ከቁልፌ ጎን አንድ ሚስማር መትቻለሁ። ነገ ጠዋት በበሩ ሲገቡ መኪናዎን ያቁሙልኝ፤ ወይ ቁልፉን ያስረክቡኛል፣ ወይ ውሃ እናፈላለን።