ለእንግዳ ያሳመርነው ክፍል

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር ተወህ ወይስ አሁንም «ደህና ነኝ» እያልክ ታታልለናለህ? ምግብ በሰዓቱ ትበላለህ? እኛ ሁላችን አለን፤ እማዬም ጉልበቴን ከማለት በቀር ደህና ናት።

ባለፈው የላክሁልህን፣ ቀለም የተቀባውን የትምህርት ቤታችንን ክፍል ፎቶ ለሥራ ባልደረቦችህ እንዳሳየህ ነግረኸኝ ነበር። ከእንግዲህ አታሳያቸው።

አንተም እኔም ፊደል የቆጠርንበት የአንደኛ ክፍል ጣሪያው ወንፊት ሆኖ፣ ግድግዳውም ማዘንበል ጀምሮ ነበር። ትምህርት ቢሮው በአካባቢው ካሉት ትምህርት ቤቶች ሁሉ የባሰበትን አንድ ክፍል መርጦ በአዲስ ሊሠራ እንደሆነ፣ ለዚህም ተቆጣጣሪ እንደሚልክ ሰማን። በየቅዳሜው በነጻ የምናግዘው የሰፈር ሰዎች ያው የምታውቀን ነን፤ አናጢው ጎረቤታችን ዴስክ ይጠግናል፣ ልብስ ሰፊዋ የተቀደደ ዩኒፎርም ትሰፋለች፣ እኔም ንባብ የከበዳቸውን አስነብባለሁ። እንግዳ ይመጣል ሲባል ግን ምን እንደነካን እንጃ። ቀዳዳውን በቆርቆሮ ቁራጭ ደፈንን፤ ስንጥቁን በጭቃ መርገን ቀለም ቀባንበት። ስብርባሪ ዴስኮቹን ጓሮ ደብቀን ከየቤታችን ወንበር አመጣን። እማዬ እንኳ ማንንም የማታስቀምጥበትን የአባባን ወንበር አሸክማኝ መጣች። ርዕሰ መምህሯ ብቻ ኧረ ተዉ፣ እንዳለ ይየው ብላ ነበር። አናጢው «ገመናችንን ለባዕድ?» ቢላት ሁላችንም ሳቅንባት።

ተቆጣጣሪው መጣ፤ በአባባ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ግድግዳውን ዳበስ አድርጎ፣ እንዲህ ያለ ሰው ያለው ትምህርት ቤት ምንም አይጎድለውም ብሎ አመሰገነን። እኛም አጨበጨብንለት። አዲሱ ክፍል ለሌላ ትምህርት ቤት ተፈቀደ። ርዕሰ መምህሯ ቢሮ ድረስ ሄዳ ብትለምን፣ ተቆጣጣሪው ያነሳውን ፎቶ አውጥተው አሳዩዋት።

ከዚያ ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ መጣና ያ የቀባነው ግድግዳ እሑድ ቀን ተደረመሰ። እሑድ ባይሆን ኖሮ የሚለውን ማሰብም አልፈልግም። አንደኛ ክፍል ተዘጋ፤ ልጆቹ ከትልቁ መንገድ ማዶ ወዳለው ትምህርት ቤት ይሂዱ ተባለ። የዚያን መንገድ መኪና ታውቀዋለህ። ብዙዎቹ ቤት ቀርተዋል፤ ልጄም ከእነሱ አንዷ ናት። ቀኑን ሙሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ዩኒፎርሟን ለብሳ ትውላለች፤ አውልቂ ብላት አትሰማኝም።

አናጢው ቅዳሜ መምጣት ትቷል፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። የአባባን ወንበር ከፍርስራሹ ሥር አወጣነው፤ አንድ እግሩ የለም። ላስጠግነው ብላት እማዬ እንዳትነኪው አለችኝ። ምንም እንድታደርግ ብዬ አይደለም የጻፍኩልህ፤ ለሌላ ለማን እናገረዋለሁ። በገዛ እጃችን መሆኑ ነው የሚያንገበግበኝ።

እማዬ አገላብጣ ስማሃለች፤ ወገቡን በሙቅ ውሃ ይያዘው ብላለች። ባለቤቴ በጣም ናፍቀኸዋል። ታናሽ እህታችንም ሰላም ብላሃለች፤ ስልክ አያነሳም ብላ አኩርፋሃለች። ልጄ ደግሞ ሰላምታዬን ራሴ ካልጻፍኩ ብላ እስክሪብቶውን ቀምታኛለች። ክፍሉ ሲፈርስ «በ» ላይ ደርሰው ነበር። ከታች «ሰላም» ብላ የጻፈችልህ እሷ ናት፤ «አጎቴ» የሚለውን ገና አልደረሱበትም።

ሰላም

ከእማዬ ቤት፣ ከበረንዳው
ጥቅምት ፳፮ ቀን