የአሥራ ዘጠኝ ቀን እጩ

ቂርያት ጋት፣ እስራኤል፣ ጁን 2016

ለማከብርዎ ወንድምዓለም፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የስኳሩን መድኃኒት በሰዓቱ ይውጣሉ ወይስ እንደ ልማድዎ ከትራስ ሥር ይሸሽጉታል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ልጄ ኖጋ ፈተናዋን ጨርሳለች፤ እኔም ፋብሪካው ውስጥ፣ እዚያው ማሸጊያው ላይ ነኝ። ስልክ ብደውል ብደውል አያነሱም፤ ይኸው ዓመት አለፈዎት። ደብዳቤ እንኳ ሳይከፍቱ አይጥሉም ብዬ ጻፍሁ።

ወሬውን ከሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት። ለሰፈር ኮሚቴ ተወዳድሬ ነበር። ይሳቁ፣ ግድ የለም! አምና ከምክር ቤቱ፣ ከክኔሴት ሲወድቁ ከእንግዲህ ለዚህ ቤት ፖለቲካ ይብቃው ብለው እንደማሉ አልረሳሁም። ግን አንጀቴ አልቻለም። በሕይወት ያሉ ሰው እንደ ሙት ሲወሱ ስሰማ አንገበገበኝ፤ ወንበሯ ትንሽ ብትሆንም የቤታችን ስም ይነሣባት አልሁ። ደግሞም አሮጊቶቻችንን ወደ ኩፓት ሆሊም፣ ሐኪም ዘንድ የምታደርሰው አውቶቡስ ከሰፈራችን ልትቀር ነው ተባለ። በዚህ ፀሐይ በእግራቸው ሊሄዱ ነው? ስብሰባ ጠርቼ ስልሳ ወንበር ደረደርሁ፤ አሥራ አንድ ሰው መጣ። የሚጠይቁኝም ስለ እርስዎ እንጂ ስለ አውቶቡሷ አይደለም።

ቤት ለቤት ልዙር አልሁ። ሥራ ሳልገባ በማለዳ፣ ብቻዬን እንዳልናቅ ቄስ ሰጠውን፣ አቶ አለበልንና አባ ቸሩን ለምኜ። ሦስቱ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ እኔ ከኋላ፣ ጎህ ሲቀድ የታይቱን በር አንኳኳን። ታይቱ የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ ልጇ ኔሪያ ወታደር ነው። አቤት ጅልነቴ! የእኛ ሰው በማለዳ ሽማግሌ ይዞ ለምን በር እንደሚያንኳኳ ምነው ጠፋኝ? በሩን ከፈተች፣ ሽማግሎቹን አየች፣ ልጄን ብላ ጮኸች፤ መሬት ወድቃ ደረቷን ትደቃ ጀመር። መርዶ ነጋሪ አደረገችን።

ኧረ ምርጫ ነው፣ ምርጫ ነው ብል ማን ይስማኝ! ደቂቃ ሳይሞላ ደረጃው በሰው ሞላ። ሩስያዊቱ ጎረቤት በሌሊት ልብሷ ውሃ ይዛ፣ ሞሮኳዊው መኪናውን አስነሥቶ፣ የእኛ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። አቶ አለበልማ ከእኔ ጋር መምጣታቸውን ረስተው አብረው አለቀሱ። ታይቱ ጸጥ ያለችው ቄስ ሰጠው አስደውለው የልጁን ድምፅ ስትሰማ ነው። እሱም ምን ሆናችሁ ነው ከእንቅልፌ የምትቀሰቅሱኝ ብሎ ተነጫነጨባት።

እግሯ ላይ ወደቅሁ። ስድቡን አወረደችብኝ፤ ይገባኛል። ከዚያ ቁጭ በሉ አለችን። ቀና ስል ቤቱ መቆሚያ የለውም። እኔ ያን ሁሉ ቀን ለምኜ አሥራ አንድ ሰው፤ እሷ በአንድ ጩኸት ሕንፃውን ሁሉ! ለካ ሲወልዱ የምታርሳቸው፣ ሲታመሙ የምታድርላቸው እሷ ናት። እኔ የእርስዎን ስም ይዤ ስዞር እሷ ሰው ይዛ ተቀምጣለች። ቀናሁ፣ አልዋሽዎትም። ግን በማግስቱ፣ እጩ በሆንሁ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ የእኔን ስም አሰርዤ የእሷን አስመዘገብሁ። ዕድሜዬን በድንጋጤ ጨርሰሽው ደግሞ ሥራ ልትጨምሪልኝ ነው ብላ እምቢ ብላ ነበር፤ ሽማግሎቹ ለመኗት።

አሸነፈች፣ ወንድምዓለም! አውቶቡሷም እስከ መስከረም በዓላት አትነካም ተብሏል። የእርስዎ ስም የትም አልተለጠፈም፤ ይህን ሳልደብቅ ልንገርዎ። ታይቱ ግን ከማዘጋጃ ቤት ጋር ንግግር የሚያውቅ ሰው አምጪልኝ ብላኛለች። የመጀመሪያው ስብሰባ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። መድረክ የለም፣ ማይክሮፎን የለም፤ ከኋላ በኩል አንድ ወንበር አለ።

የአባቶቻችን አምላክ ጤናዎን ይስጥልን፣ እግርዎን ወደ ሰው ይመልስልን።

አንድ ነገር ቀረኝ። በምርጫው ቀን ከመምረጫው ማዶ፣ ከዛፎቹ ሥር፣ አንዲት ነጭ መኪና ቀኑን ሙሉ ቆማ ዋለች። ኖጋ ማን እንደሆነ ልየው ብትል ተይው አልኋት። ቀዝቃዛ ውሃ እንኳ ሳልልክ መቅረቴ እስካሁን ይቆጨኛል። ሐሙስ ሙቀቱ ይበረታል ይላሉ፤ እባክዎ መኪናው ውስጥ አይቀመጡ፣ ይግቡ።

ታናሽ እህትዎ